ለጥንቸሉ ስሙን ያወረሰው ሰው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለ ካርቱን ፊልም የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ። ከፍኖተ ሰላም፣ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከዳንግላ የደረሱኝን አራት ጥያቄዎች መርጬ አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ሦስቱ ዞረው ዞረው አንድ ሰው ጋ ያደርሳሉ። እኔም ስለዚያ ሰው ለመጻፍ ስፈልግ ከርሜአለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረን ልንጣላ ደርሰናል። እሱ ባግስ ባኒ የሚባለውን ጥንቸል የፈጠረው ዋልት ዲዝኒ ነው ይላል። እኔ ደግሞ የጥንቸሉ ስም የአንድ ሰው ቅጽል ስም እንደነበር ሰምቻለሁ። ማናችን ነን ልክ? ሰውየውስ ማን ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ክርክሩን ረትተሃል። ጓደኛህንም ግን አትፍረድበት። ካርቱን ከተባለ ሁሉንም ለዲዝኒ መስጠት የብዙ ሰው ልማድ ነው። ባግስ ባኒ የዋርነር ብራዘርስ ነው እንጂ የዲዝኒ አይደለም። ስሙም በእርግጥ የሰው ቅጽል ስም ነበር። ሰውየው ቤን ሃርዳዌይ ይባላል። የሥራ ባልደረቦቹ «ባግስ» እያሉ ነበር የሚጠሩት።

ሃርዳዌይ በ1895 ሚዙሪ ውስጥ ቤልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቷል። የነበረበት 129ኛው የመስክ መድፈኛ ክፍል፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሃሪ ትሩማን በሻምበልነት ያገለገለበት ነው። ከጦርነቱ ሲመለስ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ለጋዜጣ ካርቱን ይስል ነበር። ቀጥሎም በሲኒማ ቤት የሚታይ ማስታወቂያ ወደሚሠራ ድርጅት ገባ።

ካንሳስ ሲቲን አትለፋት። ዋልት ዲዝኒ ካርቱን የጀመረው እዚያ ነው፤ የመጀመሪያ የካርቱን ፊልም ድርጅቱም በ1923 የከሰረው እዚያው ነው። ሚኪ ማውስን በእጁ የሳለው አብ አይወርክስ የዚያ ከተማ ልጅ ነው። በኋላ የዋርነር ካርቱኖች ዳይሬክተር የሆነው ፍሪዝ ፍሬሌንግም እዚያው ተወለደ። እነዚህ ሰዎች አንዱ ሌላውን እየጠራ ሆሊውድ ገቡ። ሃርዳዌይም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተከተላቸው። ለጥቂት ጊዜ ዲዝኒ ዘንድ፣ ለጥቂት ጊዜ ደግሞ አይወርክስ ዘንድ ሠራ። ከዚያ ሊዮን ሽሌሲንገር ወደሚባል ነጋዴ ስቱዲዮ ተዛወረ። ሽሌሲንገር ካርቱን እያሠራ ለዋርነር ብራዘርስ የሚሸጥ ሰው ነበር።

ሃርዳዌይ እዚያ የተቀጠረው ቀልድ እንዲያመነጭ ነው። በመሃል ቡዲ የሚባል ልጅ የሚተውንባቸውን ጥቂት ፊልሞች ዳይሬክት እንዲያደርግ ዕድል ተሰጥቶት ነበር። ቡዲ ዛሬ የሚያስታውሰው የለም፤ የሚያስታውሱት ነገርም የለው። ሃርዳዌይም ወደ ቀልድ ጽሕፈቱ ተመለሰ።

በ1937 ፍሬሌንግ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ኤምጂኤም ወደሚባለው ትልቅ ስቱዲዮ ሄደ። ወንበሩ ባዶ ሆነ። ሃርዳዌይ ከካል ዳልተን ጋር ሆኖ ቦታውን ያዘ። ያኔ ስቱዲዮው ውስጥ የሁሉም ወሬ አንድ ዳክዬ ነበር። የስቱዲዮው ሌላ ዳይሬክተር ቴክስ ኤቨሪ በ1937 ሚያዝያ ባወጣው ፊልም ፖርኪ የተባለው አሳማ ለዳክዬ አደን ይወጣል። የሚገጥመው ዳክዬ ግን የለየለት ቀውስ ነው። ይስቃል፣ ይዘላል፣ ውኃው ላይ ይገለባበጣል። ዳፊ ዳክ የሚባለው እሱ ነው። ሰው ወደደው። በዓመቱ፣ በ1938 ሚያዝያ 30፣ ሃርዳዌይ ያንኑ አደን በጥንቸል አደረገው። አዳኙ ያው ፖርኪ ነው። ጥንቸሉ ትንሽና ነጭ ነው። ጆሮዎቹን እያሽከረከረ ይበራል፤ ሳቁ ጆሮ ይበሳል።

ቀጥሎ ያለውን ልብ በል። ለ1939 አዲስ ፊልም ጥንቸሉ እንደገና እንዲሳል ተፈለገ። ሥራው ቻርሊ ቶርሰን ለሚባል ካናዳዊ ሠዓሊ ተሰጠው። በዚህ ሥራ ላይ ሠዓሊው ገጸ ባሕሪውን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ አድርጎ አንድ ወረቀት ላይ ይስለዋል። ሌሎቹ ሠዓሊዎች ሁሉ ያንን ወረቀት እያዩ ይሠራሉ። ቶርሰን ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ባግስ ባኒ» ብሎ ጻፈበት፤ የባግስ ጥንቸል ማለት ነው። ጥንቸሉን ያዘዘው «ባግስ» ሃርዳዌይ ስለነበር ነው። ለሥራ ጓደኞቹ የተጻፈ ተራ ምልክት ነበር። ማንም ስም አወጣለሁ ብሎ አልተቀመጠም። ምልክቱ ግን በዚያው ስም ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ፈጣሪው ሃርዳዌይ ነው ማለት ነው? እዚህ ላይ ሰው ይለያያል፤ እኔም የራሴ አቋም አለኝ። ዛሬ የምናውቀው ጥንቸል የተወለደው በ1940 ሐምሌ 27 በወጣው የቴክስ ኤቨሪ ፊልም ነው። ቁመናውን እንደገና የሳለው ቦብ ጊቨንስ ነው። ድምፁ የሜል ብላንክ ነው፤ ብላንክ የመጀመሪያውን ነጭ ጥንቸልም ያናገረ ሰው ነው። ያ ፊልም ለኦስካር ታጭቷል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስዕል የማስተምራቸው ልጆች አሉ። የ1938ቱንና የ1940ውን ፊልሞች አከታትዬ አሳያቸዋለሁ። በመጀመሪያው ፊልም ልጆቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይስቃሉ። ሩጫ አለ፣ ጩኸት አለ፣ ፍንዳታ አለ። በሁለተኛው ግን አንድ ቦታ ሲደርሱ ጸጥ ይላሉ። ኤልመር ፈድ የተባለው አዳኝ ጉድጓዱ አፍ ላይ ካሮት አስቀምጦ ጠመንጃውን ደግኖ ይደበቃል። ጓንት ያጠለቀ እጅ ከጉድጓዱ ብቅ ይላል። መሬቱን ይዳስሳል። ካሮቱን ያገኝና ይዞ ይገባል። እንደገና ይመጣል፤ አሁንም ይዳስሳል። ጣቶቹ የጠመንጃውን አፈሙዝ ይነካሉ። እጅ ብቻ ነው የምናየው፤ ፊት የለም፣ ቃል የለም። እጁ ግን ሲያስብ ይታያል። እዚህ ላይ ኮምፒውተሩን አቁሜ አንድ አንድ ፍሬም (ፊልሙ የተሠራበትን ነጠላ ምስል) እየገፋሁ አሳያቸዋለሁ። ጣቶቹ የሚንቀሳቀሱባቸውንና ፀጥ ብለው የሚቆዩባቸውን ፍሬሞች እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ። ሳቁ የሚመጣው ከቆይታው ነው።

ጥቂት ቆይቶ ጥንቸሉ በሌላ ጉድጓድ ይወጣና ጠመንጃ የያዘውን ሰው ካሮት እያኘከ «ምን አዲስ ነገር አለ፣ ዶክተር?» ይለዋል። የሃርዳዌይ ጥንቸል አዳኙን የሚያሸንፈው እያበደ ነው። የኤቨሪ ጥንቸል የሚያሸንፈው ስለማይቸኩል ነው። ስለዚህ ባግስ ባኒን ባግስ ባኒ ያደረገው ለእኔ ኤቨሪ ነው። ሃርዳዌይ ባይኖር ግን ኤቨሪ የሚያነሳው ጥንቸል አልነበረም። አንዳንድ ጸሐፊዎች ሃርዳዌይን «በድንገት ስሙ የቀረለት ሰው» ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። ይህ ያናድደኛል። አደኑን ከዳክዬ ወደ ጥንቸል ያዞረው እሱ ነው። ጥንቸሉ እንዲሻሻልና እንደገና እንዲሳል ያደረገውም እሱ ነው።

የማን ሥራ የማን እንደሆነ ለመለየት የሚያስቸግርበት ሌላም ምክንያት አለ። ያኔ በሽሌሲንገር ስቱዲዮ ብዙ ሠዓሊ በአንድ ፊልም ላይ ይሠራና መክፈቻው ላይ የሚጻፈው ግን ስዕሉን ከሚያንቀሳቅሱት ሠዓሊዎች የአንዱ ስም ብቻ ነበር። ተራ በተራ ነበር የሚጻፉት። በ1938ቱ ፊልም ላይ ከሃርዳዌይ ጋር የሠራው ዳልተን ራሱ ስሙ የለም። ስለዚህ ከጓደኛህ ጋር የሚቀጥለውን ክርክር ስትጀምር የፊልሙን መክፈቻ ብቻ ማስረጃ አታድርግ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ6 ዓመት ልጄ ያንን ግንደ ቆርቁር ካርቱን፣ ውዲ ውድፔከርን፣ በስልክ እያየ ሳቁን ሲያስመስል ይውላል። ጎረቤት ሁሉ ሰልችቶታል። ያ ድምፅ የሰው ነው ወይስ የማሽን? ሰውስ እንዲህ መሳቅ ይችላል? (አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ድምፁ የሰው ነው። የሚገርምዎት ደግሞ ለዓመታት ያንን ወፍ ያናገረው ከላይ የጻፍኩለት ቤን ሃርዳዌይ ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1939 ፍሬሌንግ ከሄደበት ተመለሰና ወንበሩን ያዘ። ሃርዳዌይም ከዳይሬክተርነት ወርዶ እንደገና ጸሐፊ ሆነ። በ1940 ስቱዲዮውን ለቅቆ ዋልተር ላንትዝ የሚባል ሌላ ፕሮዲውሰር ዘንድ ሄደ። በዚያው ዓመት ኅዳር 25 ላንትዝ አንድ ፊልም አወጣ። አንዲ የሚባል የፓንዳ ግልገልና አባቱ ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ አንድ ግንደ ቆርቁር ጣሪያቸውን እየቆረቆረ ዕረፍት ይነሳቸዋል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሃርዳዌይ ነው። ዳፊን፣ ነጩን ጥንቸልና ይህንን ወፍ ተራ በተራ ያየ ሰው ዝምድናቸው አይጠፋውም። ሦስቱም የተረጋጋ ሰው መሃል ገብተው የሚረብሹ ናቸው። ልጅዎ የሚያስመስለውን ሳቅ ያመጣው ሜል ብላንክ ነው። ብላንክ በሃርዳዌይ ጥንቸል ፊልም ላይም እንዲሁ ይስቅ ነበር። ጥንቸሉ አድጎ ሲረጋጋ ሳቁን ወፉ ወረሰው።

ብላንክ ብዙም ሳይቆይ ለሽሌሲንገር ስቱዲዮ ብቻ ለመሥራት ፈረመ። ወፉ ድምፅ አጣ። ሌሎች ሞከሩት። ከ1944 ጀምሮ ግን ሃርዳዌይ ቀልዱን እየጻፈ ወፉንም ራሱ ማናገር ጀመረ። እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ የሚሰሙት የእሱን ድምፅ ነው። ከእሱ በኋላ ለረጅም ዘመን ያናገረችው የላንትዝ ሚስት ግሬስ ስታፎርድ ናት። ስሟን ሳትናገር ድምፇን ቀድታ ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ጋር እንዳስገባችና ባሏ የማን እንደሆነ ሳያውቅ እንደመረጣት ይነገራል።

ጆሮ የሚበሳው ቅላጼ የመጣው ከፍጥነት ነው። ተዋናዩ በራሱ ድምፅ ይናገራል፤ ቅጂው ሲጫወት ይፈጥናል። ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል። ስልክዎ ላይ ድምፅ ቀድቶ ፍጥነት የሚጨምር መተግበሪያ ካለ ዛሬ ማታ ሊሞክሩት ይችላሉ። እንዲያውም ለልጅዎ ይስጡት። ድምፁን ቀድቶ፣ አፍጥኖ፣ መልሶ ያዳምጥ። ዝም በል ከሚባል ይልቅ እንዴት እንደተሠራ ቢያይ ይሻለዋል። ጎረቤትም ትንሽ ያርፋል።

ስለ ወፉ አንድ ተረት ደግሞ ይሰሙ ይሆናል። ላንትዝና ግሬስ ለጫጉላ ሽርሽር ሄደው አንድ ግንደ ቆርቁር ጣሪያቸውን እየቆረቆረ እንቅልፍ ነሳቸው፤ ሐሳቡ ከዚያ መጣ ይባላል። ሁለቱ የተጋቡት ግን በ1941 ነው። ፊልሙ የወጣው በ1940 ነው። ታሪኩ ለጋዜጣ ጥሩ ነው፤ ቀኑ ግን አይገጥምም። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ከሁሉ በፊት የሚረሳው ቀልዱን የጻፈው ሰው ነው።

ሃርዳዌይ ከሠራቸው ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል በ1944 የወጣውን «የሴቪያ ፀጉር አስተካካይ» የሚባለውን ፊልም እመርጣለሁ። ከሚልት ሻፈር ጋር ጻፈው፤ ሼመስ ካልሄን ዳይሬክት አደረገው። ወፉ ፀጉር ቤት ይገባል፤ ባለቤቱ የለም፤ ራሱ ፀጉር አስተካካይ ይሆናል። የሮሲኒን የኦፔራ ዘፈን እየዘፈነ ደንበኛውን ይላጫል። ዘፈኑ በፈጠነ ቁጥር ሥዕሉም ይፈጥናል፤ በመጨረሻ ወፉ ራሱ ይበዛል። ምላጭ ስላለበት ለ6 ዓመት ልጅ ብቻውን እንዲያየው አልመክርም። አብረውት ይዩት።

ሃርዳዌይ በ1957 ዓረፈ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ካርቱን መሥራት እፈልጋለሁ። ስዕሌ ግን ደካማ ነው፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰው ስስል እንጨት ነው የሚመስለው። ሰው ማሳቅ ግን እችላለሁ። ተስፋ ልቁረጥ? (አንድ ወጣት፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምን ሲባል! አንተ የጎደለህ የሌላው ሰው ሙያ ነው። ያለህ ደግሞ ብዙ ጎበዝ ሠዓሊዎች የሌላቸው ነገር ነው።

ማርቆስ ውስጥ አዝማሪ ያለበት ቤት ገብተህ ታውቅ ይሆናል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲጫወት ከጥግ የተቀመጠ አንድ ሰው «ተቀበል!» ይላል። ሁለት ስንኝ ይወረውርለታል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይለዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ሽልማቱ የሚለጠፈው አዝማሪው ግንባር ላይ ነው። ጥግ የተቀመጠው ሰው ድምፅ የለው ይሆናል፤ ማሲንቆ ነክቶም አያውቅ ይሆናል። ግጥሙ ግን የእሱ ነው። የካርቱን ቀልድ ጸሐፊ ማለት ያ ሰው ነው፤ ከላይ የጻፍኩለት ሃርዳዌይም እንዲያ ነበር።

ሆሊውድ ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ዲዝኒ የመጀመሪያውን ረጅም ፊልሙን ሲያዘጋጅ ለሠራተኞቹ ማስታወቂያ አወጣ፤ ፊልሙ ውስጥ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ቀልድ 5 ዶላር። ያኔ 5 ዶላር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ዋርነር ዘንድ ደግሞ ማይክል ማልቲዝ፣ ዋረን ፎስተርና ቴድ ፒርስ የሚባሉ ጸሐፊዎች ነበሩ። ዳይሬክተሮቹ ቸክ ጆንስና ጓደኞቹ ከእነሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰቡ ነበር። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። ሕጉ አንድ ነው፤ «አይሆንም» ማለት ክልክል ነው። የሰው ሐሳብ ካልጣመህ ዝም ትላለህ፤ ከጣመህ ትቀጥልበታለህ። ይህን ሕግ ቅዳሜ ልጆቹ ላይ ሞክሬዋለሁ። አፋር የሆኑት ልጆች አፋቸውን የፈቱት ያኔ ነው።

ሥራው የሚጻፈው በስዕል ነው፤ ግን ደህና ስዕል አይጠይቅም። እያንዳንዱን ድርጊት በአንድ ትንሽ ወረቀት ላይ ትነድፋለህ። ወረቀቶቹን በተርታ ግድግዳ ላይ በመርፌ ትሰካለህ። የማያስቀውን ትነቅላለህ፤ ቦታ ትለዋውጣለህ። እንጨት የሚመስል ሰው ለዚህ በቂ ነው። ክብ ራስ፣ አንድ መስመር አካል፣ የሚታይ ዓይን። ዓይኑ የት እንደሚያይ ከታወቀ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

በነገር ብቻ እንዳልቀር አንድ ምሳሌ ልሥራልህ። የፋሲካ ዋዜማ ገበያ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሰዎች ሁሉ ወደ ታች ተንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ ሰማይ ከታች፣ መሬት ከላይ። ሁለተኛው ላይ ስዕሉ ይገለበጣል፤ ለካ የምናየው እግሩን ታስሮ በተንጠለጠለ አውራ ዶሮ ዓይን ነው። እንደምታውቀው በኛ ገበያ የዶሮ ደረት ሳይዳሰስ ብር አይወጣም። አንድ ገዢ ይመጣል። ጎን የተንጠለጠለውን ወፍራም ዶሮ ይዳስሳል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከፍሎ ይዞት ይሄዳል። የኛ ዶሮ ዓይኑ ይከተለዋል። ገባው።

ሁለተኛው ገዢ ይመጣል። እጁ ወደ ደረቱ ሲጠጋ ዶሮው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። ሆዱ ጀርባው ጋ ይጣበቃል። «ይሄማ አጥንት ነው» ብሎ ገዢው ይሄዳል። ባለ ዶሮው ግራ ይገባውና ራሱ ይዳስሰዋል፤ ዶሮው ወዲያው ይነፋል። ሦስተኛ ገዢ ይመጣል፤ አሁንም ይስባል፣ የባሰ ይከሳል። ባለ ዶሮው ይዳስሳል፤ ይነፋል። እዚህ ድረስ ተመልካቹ ነገሩን ይዞታል። በዚሁ ከቀጠልክ ግን ይሰለቻል። መንገዱን መስበር ያለብህ እዚህ ጋ ነው።

አራተኛዋ አንዲት እናት ናቸው። ዶሮው ገና ከሩቅ ሲያያቸው ሆዱን ስቦ ዓይኑን ጨፍኗል። ባለ ዶሮውን ይጠይቁታል፤ «ለእርድ አይደለም ልጄ፤ ዶሮዎቼ ያለ አውራ ቀርተውብኝ ነው። ለዘር የሚሆን ጠንካራ ፈልጌ ነው።» ዶሮው አንድ ዓይኑን ይገልጣል። እሳቸው ግን ደረቱን ዳስሰው ጨርሰዋል። «ይሄማ ለነገም አይደርስ» ይሉና ሌላኛውን ይዘው ይሄዳሉ። ዶሮው አየሩን ይለቃል። ሙሉ፣ ጠንካራ፣ የሚያምር አውራ ሆኖ ተንጠልጥሎ እኛን ያየናል። ይህን የመጨረሻ ወረቀት ቶሎ አታንሳ። አንድ ሙሉ ሰከንድ ስጠው፤ ካስፈለገ ሁለት።

እዚህ ውስጥ አንድም ጎበዝ ስዕል የሚጠይቅ ነገር የለም። ዳሰሳ፣ ትንፋሽና ዓይን ነው። ሁለት ጊዜ ደገምን፤ በሦስተኛው ለውጥ አመጣን። ዶሮው ራሱን ለማዳን የተጠቀመበት ብልሃት ነው መልሶ የጎዳው። ይሄ የመጨረሻው ባይኖር ኖሮ አንድ ዶሮ ሆዱን ሲስብ አየን ብለን እንሄድ ነበር።

አሁን አንድ ሠዓሊ ፈልግ። ማርቆስ ውስጥ በጠመኔም በእርሳስም ጥሩ የሚስል ልጅ አይጠፋም። ብዙዎቹ ምን ልሳል እያሉ የተቀመጡ ናቸው። ወረቀቶችህን ግድግዳ ላይ ሰክተህ ጥራው። እያሳየኸው በአፍህ ተርክለት። የማይስቅበት ቦታ ካለ አታስረዳው፤ ወረቀቱን ንቀለውና ሌላ ሞክር። ሥራው ሲያልቅም የሁለታችሁም ስም አብሮ ይጻፍ። ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ አንድ የ7 ደቂቃ ካርቱን ስንት ስዕል ይፈልጋል? እኛ 4 ጓደኛሞች ነን፤ ክረምቱን ልንሠራ አስበናል። (ከዳንግላ)

መልስ፦ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። 7 ደቂቃ 420 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ 10,080 ፍሬም ይሆናል። ብዙ ጊዜ አንዱ ስዕል ለሁለት ፍሬም ይቆማል። ያኔ በሰከንድ 12 ስዕል፣ በጠቅላላው 5,040 ይሆናል። ይህም አንድ ገጸ ባሕሪ ብቻ ሲንቀሳቀስ ነው። ሁለት ሆነው ሲሯሯጡ ቁጥሩ ያድጋል። ዝም ብለው የሚቆሙበት ቦታ ደግሞ ይቀንስላችኋል።

ለአንድ ክረምት 7 ደቂቃ ይከብዳችኋል። በ20 ሰከንድ ጀምሩ፤ 240 ስዕል ነው፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 60 ይደርሳችኋል። ፈጣን እንቅስቃሴ ላይ ብዙ ስዕል አታባክኑ። ቴክስ ኤቨሪ ዓይን አንድን ድርጊት ለመያዝ 5 ፍሬም ይበቃዋል ይል ነበር፤ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ማለት ነው። ወረቀቶቹን በሁለት ቀዳዳ ብሱና ሁልጊዜ በእነዚያው ሁለት ሚስማሮች ላይ አስቀምጧቸው፤ አለበለዚያ ስዕሉ ሲጫወት ይንቀጠቀጣል። ስልኩን ከላይ ወደ ታች እንዲያይ አድርጋችሁ እሰሩት፤ እስክትጨርሱ ድረስ ከቦታው አታንቀሳቅሱት። ፎቶ የምታነሱት በመስኮት ብርሃን ከሆነ ደመና ባለፈ ቁጥር ስዕሉ ይጨልማል። ክረምት ስለሆነ ደግሞ ይህ ይደጋገምባችኋል። መጋረጃውን ዝጉና በአንድ አምፖል ሥሩ፤ መብራት ከሄደ ስልኩን ሳትነኩ ጠብቁ።